የፊት መንጠቆ

አባቴ ስቱርላ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣
ወንዝ በሞላ ቁጥር «እሱን ጥሩ» ሲሉ፣
ከኋላው መንጠቆ ገመዱን አያይዞ
በአሮጌው ፓትሮል ስንቱን ወጣ ይዞ፤
የወተቱን ቦቴ፣ ካርታ ያመነ ቱሪስት፣
የቄሱን ሱዙኪ ከነቄሱ ሚስት።
ቄሱ ሲያመሰግኑ መስኮቱን ከፍተው፣
እሱ ገመድ ጠቅልሎ ሄደ ዝም ብሏቸው።

ከፊት ግን መንጠቆ የለውም መኪናው።
«ለምን?» ስለው፣ ልጅ ሆኜ፣ መልሱ ይህ ነው፦
«የኋላው ለመርዳት፣
የፊቱ ለልመና፤
እኔም ለምኜ አላውቅ፣
ይኼም መኪና።»

ግንቦት ላይ በረዶው ከተራራው ሲፈታ፣
ወንዙ እሱን ያዘው፣ በአንድ ደመናማ ማታ።
ጠጠሩን ከጎማው ሥር እየላሰ፣ እየላሰ፣
ፓትሮል በአፍንጫው ተደፋ፤ ውኃው ከመሪው ደረሰ።
ኦሪ መጣ በትራክተር፣ የወዲያ ማዶው ጎረቤት፣
በአጥር ከተኳረፉ አሥራ አንድ ዓመት።
በባትሪ ፊቱን ቃኘው፣ ጎንበስ ቀና አለ፣
ገመድ የሚያስርበት አንዳች ነገር የለ።
ቢቸግረው ከፓራውልቱ ላይ ቋጠረ፤
ሲጎትት — ጧ! —
ፓራውልቱ ሄደለት፤ አባቴ ግን ቀረ።

ማንም አልሳቀም። የባሰው እሱ ነው።
ኋላ ኦሪ ራሱ፣ እስከ አንገቱ ውኃ ገብቶ፣
ሰንሰለቱን በሻንሲው አዞረው።
ሲወጡ ሁለቱም ይንቀጠቀጣሉ።
አባቴ «አመሰግናለሁ» አላለም፤
ሲባልለት እንጂ ሲል አልለመደው።

ቅዳሜ። ጋራዡ ድሮ የበግ በረት ነበር፤
ጠረኑ ዛሬም አለ፣ ከናፍጣው ጋር።
ሁለት መንጠቆ በፖስታ ከአኩሬይሪ አስመጥቼ፣
ክሪኩን አቁሜ፣ ከጎማው ታኮ ከትቼ፣
ካርቶን አንጥፌ ከሆዱ ሥር ተኛሁ፤
የሻንሲውን ቀዳዳ ዳስሼ አገኘሁ፦
ሁለት በቀኝ፣ ሁለት በግራ፣
ሠላሳ ዓመት ባዶ፣ ቡሎን ሲጠብቁ በተራ።

ዝገቱ ግን! ጨው የበላው፣ ነፋስ የላሰው ብረት፤
በሽቦ ብሩሽ ፋቅሁት፣ ዘይት ረጨሁበት።
የቀኙ ሳይለግም ገባ፤ ቡሎን፣ ሮንዴላ፣ ዳዶ፤
የግራው ዳዶ ከሻንሲው ሆድ ውስጥ ነው፣
ማን ይድረስበት ተሰዶ?
ጣቴ አይገባም። ማግኔት ብሞክር
ከሻንሲው ጎን ተለጥፎ እምቢ አለ፣ እንደ መዥገር፤
ዳዶዬ ወደቀ፤ በጨለማው ቦይ ኳ፣ ኳ፣ ኳ እያለ
ሄደ። እስካሁን እዚያው አለ።
ሁለተኛውን በሽቦ ጫፍ በፕላስተር ጠቅልዬ
ወደ ጨለማው ላክሁት፣ «ያዝ» ብዬ፣
ኋላም «እባክህ» ብዬ።
አንዴ ሳተ። አንዴ ሳተ።
በሦስተኛው ነከሰ፤ ጥርስ በጥርስ ተጎተተ።

እኔም እኮ ከሬይኪያቪክ በጥር የተመለስኩት
በሦስት ሻንጣ ነው፤
«ምነው?» ያለኝን ሁሉ በፈገግታ የሸኘሁት።
ከመኪና ሥር የተኛ ሰው ብዙ ያስባል፦
ገመድ ይዞ የቆመ ሰው፣
የሚያስርበት ካጣ ምን ያደርጋል?

ዞር ስል ጫማ አየሁ። የአባቴ ነው፤ ማሰሪያው የላላ።
«ማን አዘዘሽ?» አለ።
«መኪናው» አልኩት፣ ከሥር።
ዝም። ጣሪያው ላይ ዝናብ።
«መፍቻሽ አጭር ነው፣» አለ በኋላ።
አንድ የቧንቧ ቁራጭ በእግሩ ገፍቶ
ወደ እኔ አንከባለለ፤ ሄደ።
ቧንቧውን በመፍቻው እጀታ ሰካሁ፤
ብረቱ እስኪያቃስት አጠበቅሁ።

እሑድ ጠዋት ቤቱ ቀለም ቀለም ሸተተኝ።
ጋራዥ ወረድኩ። ሁለቱም መንጠቆ ቀይ ሆኖ ጠበቀኝ፣
ከአጎቴ ጀልባ የተረፈው ቀይ፤
አንደኛው ላይ ቀለሙ ወርዶ ጺም አብቅሏል።
«ለምን ቀይ?» አልኩት።
ዳቦ እየቆረሰ ነበር። ቀና አላለም።
«ማታ ነው የሚያጋጥመው፣» አለ፣ «ውኃውም ድፍርስ ነው።
ኦሪ ደግሞ ዓይኑ ደክሟል።»
በቅቤው ላይ፣ ቢላውን ያነሳበት ጎን፣
የአውራ ጣቱ ቀይ አሻራ ቀርቷል።